የወንድ ጽጌረዳ

ባቱ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ጥሩነሽ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ» የሚለውን ጽፌ ቆይቼ አየሁት። ወንድማችን ሐዲስ እግሩን ይዞ ተኝቶ እኔ ደህና መሆኔ ያሳፍራል። ግን ደብዳቤ በሌላ ነገር ሲጀመር አላውቅም።

ለጠየቅሽኝ መልሱ አዎ ነው። ሽቶ ነው። የሴት አይደለም። ሽታው የጽጌረዳ ነው እንጂ የወንድ ተብሎ ነው የሚሸጠው፣ ጠርሙሱም ላይ እንደዚያ ይላል። ሴት አልሰጠችኝም። እዚህ ገበያው አጠገብ አብደላ የሚባል ሽቶ ሻጭ አለ፤ ከእሱ ነው የገዛሁት። «ለሙቀት የተሠራ ነው፤ ሰመር ይላል» አለኝ። «የፈረንጅ ሰመር የእኛ ክረምት አይደለም እንዴ? ሐምሌ ላይ ዝናብ እየመታኝ ልቀባው?» ብለው፣ «አንተ አበባህን እሸግ፤ ወራቱን ለእኔ ተወው» ብሎ ሳቀብኝ።

ለምን እንደገዛሁት አልጠየቅሽኝም። ልንገርሽ። ቀኑን ሙሉ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ጽጌረዳ አቅፌ ነው የምውለው። ሰው ሁሉ «አንተማ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ትሸታለህ» ይለኛል። የእኛ ጽጌረዳ አይሸትም፤ ለረጅም መንገድ እንዲጠነክር ሲያዳቅሉት ሽታው ቀረ ይላሉ። ስንት ዓመት ያቀፍኩት ነገር ምን እንደሚሸት ማወቅ አማረኝ። ይኸው ነው።

እሁድ ስመጣ ግን ቁስለኛ ያለበት ቤት እንደምገባ ረስቼ አልነበረም። አላሰብኩትም። መርሳትና አለማሰብ አንድ አይደሉም፤ የትኛው እንደሚቀል አላውቅም። አራስ ቤትና ቁስለኛ ቤት ሽቶ ተቀብቶ አይገባም፣ ቁስሉን ሽታ ይመታዋል ብላ እማዬ ስንት ጊዜ ነግራናለች። ስለዚህ ክንዴን ይዘሽ ከክፍሉ ስታስወጪኝ አልተቀየምኩም። ጎረቤቶቹ ፊት መሆኑ ትንሽ ከብዶኝ ነበር። አሁን ለቆኛል። ሸሚዙንም አጥቤዋለሁ።

ስልክ አትደውል ያልሽኝ ገብቶኛል። ባጃጇ ሶደሬ መንገድ ላይ ስትገለበጥ የሐዲስ ስልክ ስለተሰበረ ያንቺን ይዞ ነው የሚውለው፤ ብደውል እሱ ያነሣል፣ መልእክት ብልክ እሱ ያነበዋል። ስለዚህ በሰንበታ ሚኒባስ እልካለሁ። አንቺም በእሱ ላኪልኝ፤ ከአዳማ በየቀኑ ይመለሳል፣ ቃሉም ይታመናል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጤና ጣቢያ ከሰፉለት ወዲህ ቁስሉን የሚያጥብለት ማነው?

ወንድምሽ ኪሩ


አዳማ፣ መጋቢት 17 ቀን 2017

ለኪሩ፣

እንደምን አለህ። እኛ አለን። ጾሙና ሙቀቱ ተባብረውብን ጉሮሯችን ደረቀ እንጂ አለን።

ሸሚዜን አጠብኩ ትላለህ። ሸሚዝህን ማን ጠየቀህ? እኔ ክፍሉን ነው ማጠብ ያቃተኝ። ወለሉን በበረኪና ፈተግኩ፣ አንሶላ ቀየርኩ፣ መጋረጃውን አውርጄ ፀሐይ ላይ ሰቀልኩ። ተመልሼ ስገባ ጽጌረዳህ እንደ ባለቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ይኸ ሽቶህ ስንት ቀን ነው የሚቆየው? እኔ የማውቀው ሽቶ ከቤት ተነሥቶ ታክሲ ተራ ሳይደርስ ያልቃል።

ቁስሉን ራሱ ነው የሚያጥበው። መጀመሪያ የጤና ጣቢያው ልጅ እየመጣ ይፈታለት ነበር። በኋላ ሐዲስ «አይቼ ተምሬያለሁ፤ ሰው በፀሐይ አታመላልሱ» ብሎ አስቀረው። በሩን ዘግቶ ይፈታል፣ በሩን ዘግቶ ያስራል። ያወለቀውን ፋሻ ፌስታል ውስጥ አድርጎ፣ አፉን ጥብቅ አድርጎ ቋጥሮ ይሰጠኛል፤ እኔ እጥለዋለሁ። ንጽሕናውን ታውቀው የለ። ባጃጇን ከፊቱ በላይ ያጥባት ነበር።

ትኩሳቱ የጀመረው አንተ ከሄድክ ወዲህ ነው። እኔ አላልኩም፤ ቀኑ ነው የሚለው። እማማ ሰሊማ ከጎረቤት ሊጠይቁት መጥተው ገና ከበር «ማነው ተቀብቶ የገባው?» አሉ። ወንድሙ ነው ልበል? አሁን ጤና አዳም አፍንጫው ሥር እያደረግኩ ነው። ሽንኩርት ውጪ ነው የምናቁላላው። ሜቲ የፀጉር ቅባቷን እንኳ ትታለች። በጥር የተዳረችለት ሙሽራ ፀጉሯን በውሃ ብቻ ታበጥራለች። ያቺ የሰው ልጅ ይህን ስታደርግ የእናቱ ልጅ ሽቶ አርከፍክፎ ይገባል።

እሁድ «ሆስፒታል ውሰዱት» ያልከኝን ነግሬዋለሁ። የሰጡት ኪኒን አላለቀም፤ «ይለቅና እንሄዳለን» ነው መልሱ። ትልቅ ሰው ነው፤ ተሸክሜ አልወስደው።

አትምጣ። ጠልቼህ አይደለም። እኔ «ና» ብዬ እስክልክብህ አትምጣ። እግሩ ይዳንልኝ፤ ከዚያ ብትፈልግ ሽቶ ፋብሪካ ይዘህ ና።

እህትህ ጥሩነሽ


ባቱ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017

ለእትዬ ጥሩነሽ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ለሜቲም ንገሪያት። ለእማማ ሰሊማም፣ ካልተቆጡ።

ስንት ቀን ይቆያል ላልሽው፤ በሙቀት ይቆያል። አብደላን ጠይቄው «ክፍሉ ውስጥ እስካሁን ካለማ ጥሩ ዕቃ ሸጬልሃለሁ» አለኝ። በቀልዱ አልሳቅኩም፤ ቅር ሳይለው አይቀርም።

የዛሬውን ደብዳቤ ስጽፍ ቀደድኩ፣ ሌላ ጀመርኩ። ማቀዝቀዣ ክፍሉ ውስጥ እጄ ሲደነዝዝ የራሴ አይመስለኝም፤ አሁንም እንደዚያ ነው፣ ውጪው ግን ይነዳል። ልነግርሽ የጀመርኩት ነገር ነበር። ይቆይ።

አንድ ነገር ግን እባክሽ። በሩን ዘግቶ መፍታቱን አልወደድኩትም። የሌላ ሰው ዓይን ይየው። ያንን የጤና ጣቢያ ልጅ መልሰሽ ጥሪው። ሐዲስ ቢቆጣ በእኔ አሳብቢ፤ ኪሩ ነው የላከው በይው። በእኔ ላይ አንድ ነገር ቢጨመር ለውጥ የለውም።

ትዝ ይልሻል አይደል፣ የዛሬ ዓመት ከዚህ ዓሣ ይዤላችሁ ስመጣ? መናኸሪያ ሊቀበለኝ መጥቶ ዓሣውን ሲያይ «እሱማ ባጃጄ ላይ አይወጣም» ብሎ እኔንም ዓሣውንም ትቶን ሄደ። በእግሬ ቤት ስደርስ በር ላይ ቆሞ ይስቃል። «ወንድሜ ነህ፤ ደንበኞቼ ግን ወንድሞችህ አይደሉም» አለኝ። ያን ጊዜ አናዶኝ ነበር። ሰሞኑን ደጋግሜ የማስበው ሌላውን ሁሉ ትቼ ይህንን ነው። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን አልጽፈውም።

እሱን ራሱን ቀርበሽ እዪው። ፊቱን አይደለም። ፊቱ ሁልጊዜ ደህና ነው።

ወንድምሽ ኪሩ


አዳማ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017

ለኪሩ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ደብዳቤህ ደርሶኝ ሳልመልስ ቆየሁ፤ ይቅርታ። ደህና ዜና ይዤ ልጽፍልህ ብዬ ነው።

ጠይቀኸኛልና፣ ሐዲስ ደህና ነው። ሰሞኑን ይጫወታል። ጢሙን ተላጭቷል፣ ፀጉሩን አበጥሯል። ዛሬ ምሳ ሳስገባለት «እትዬ፣ ባጃጅ መንዳት ትቼ መዘነጥ ልሥራ?» ብሎ አሳቀኝ። ትኩሳቱ ይመላለሳል። እግሩን አንሶላ አልብሶ ነው የሚውለው፤ በዚህ ሙቀት እንዴት እንደቻለው። የጤና ጣቢያውን ልጅ አስጠርቼው ነበር። ሐዲስ ከበር መለሰው። ከልጁ ጋር ተባብረን የዘረፍነው ያህል ነው የተቆጣኝ።

ሜቲን ሞጆ እናቷ ጋ ልኳታል። እሱ ነው የላካት። «የበሽተኛ አልጋ ሥር ከምትጠወልጊ እናትሽ ጋ ሰንብቺ፤ ለፋሲካ ትመጫለሽ» አላት። አልሄድም ብላ አለቀሰች። ለመናት። ሲለምናት አይቼው አላውቅም ነበር። ሄደች። በጎ ማሰቡ ነው ብዬ ተውኩት።

ሆስፒታል ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ሆኗል። ልጅ ሳለም መርፌ ሲፈራ ቀን ሲገፋ ነበር የሚኖረው።

ዝንቡ ግን አስቸገረን። መስኮቱ ላይ ያለው ወንፊት ከውጪ በኩል ጥቁር ሆኗል። እማማ ሰሊማ «ጽጌረዳውን ወዶ ነው» ይላሉ። ሽቶህ ይኸው እስካሁን አለ። እንዲያውም ብሷል። አንዳንዴ በሩን ስከፍት ከጽጌረዳው ሥር ሌላ ነገር ያለ ይመስለኛል። ሙቀቱ አበላሽቶት ይሆናል። ሽቶ ይበላሻል እንዴ? አንተ ነህ የምታውቀው።

እህትህ ጥሩነሽ


ባቱ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017

እትዬ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆዪልኝ።

ሽቶ እንደዚያ አይበላሽም። ዝንብም ጽጌረዳ አይወድም። እዚህ አበባው ሜዳ ሞልቶ ነው የሚውለው፤ ዝንብ ሲወረው አላየሁም።

ጠርሙሱ እኔ ጋ የለም። ሐዲስ ጋ ነው። ትራሱ ሥር ወይም ፍራሹና ግድግዳው መሐል ታገኚዋለሽ።

ያን እሁድ አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ሁለታችን ብቻ ነበርን። «ምን ተቀብተህ ነው?» አለኝ። ሊስቅብኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም። «ይዘኸዋል? አምጣ» አለኝ። «ለምንህ?» ብለው መስኮቱን እያየ ነገረኝ። «እግሬ መሽተት ጀምሯል። ሜቲ ትናንት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው ያደረችው። ምንም አላለችም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር» አለኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ነበረ። ትንሽ ነው። ቁስል ትንሽ መሽተቱ አይቀርም ብዬ አለፍኩት። ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ ሰጠሁት። ለማንም እንዳልናገር በእማዬ አፅም አስማለኝ፤ ማልኩለት። ከዚያ አንቺ ገባሽ።

እኔ ከመግባቴ በፊት ጀምሮ ነበር ማለቴ ነው። ይህን የጻፍኩት ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ግን ጽፌዋለሁ፤ አላጠፋውም።

የሸሸገው ከሜቲ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሽቶው ለአንድ ቀን፣ ለሁለት ቀን ለደስታ የሚሆነው መስሎኝ ነበር። መጋቢት ውስጥ «ክፍሉን ማጠብ አቃተኝ» ስትዪ ዕለቱን ማወቅ ነበረብኝ። ዐውቄም ነበር መሰለኝ። በሙቀት ይቆያል ብዬ ጻፍኩልሽ።

አሁን ደውዬ ነበር። ራሱ አነሣው። ገና ድምፄን እንደሰማ «ተናግረህ እንደሆነ ወንድም የለህም» ብሎ ዘጋው።

ሰንበታ ሞተር አስነሥቶ ይህን እስክጨርስ ይጠብቀኛል። እኔ አለቃዬን አስፈቅጄ በሚቀጥለው መኪና እመጣለሁ። አብሬው ያልመጣሁት፣ በር ላይ አንቺና እኔ ስንነጋገር ሐዲስ ሰምቶ እንዳይቆልፍብሽ ነው። ወረቀቱ ቀድሞኝ ይግባ።

ጠርሙሱን አውጪው። መስኮቱን ክፈቺው። ከዚያ እግሩ ላይ ጎንበስ ብለሽ አሽትቺ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ከዚያ መኪና ጥሪ፤ ቢጮህም ጥሪ።

ኪሩ


አዳማ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017

ለኪሩ፣

ሕማማት ስለሆነ ሰላምታ አልጽፍልህም። ዘንድሮ ደስ አለኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም ነበርና።

ዛሬም ቃሉን አልለወጠም። ለጠየቅከኝ ይኸው ነው መልሱ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆመህ ስትጠብቅ «አይግባ» ያለውን ቃል ሳለሳልስልህ ነበር፤ ተኝቷል ብዬህ ነበር። አልተኛም ነበር። አሁን ልንገርህ፤ ከሌላ ከምትሰማው። «እግሬን ሐኪም ቆረጠው፤ ይቁረጠው። ሽታዬን ለሰው ማውራት ግን ምን ይሉታል? በእማዬ አፅም ምሎልኝ» አለ። እኔም «ባይናገር ሞተህ ነበር» አልኩት። «እሱንም እኔ ነበርኩ የምሞተው» አለኝ።

ከጉልበቱ በላይ ነው የቆረጡት። መመረዙ ወደ ደሙ ገብቷል፣ መድኃኒቱ ከያዘው እናያለን ነው የሚሉት። ከዚያ በላይ አይነግሩኝም። እኔም መጠየቁን ፈራሁት።

ከቀዶ ጥገናው በፊት አንድ ወጣት ሐኪም ነበር። ፋሻውን ሲፈታ ነርሷ ወደ ኋላ ሸሸች። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። «እንዲህ ሲሸት ቤት ውስጥ ማንም አልሸተተውም?» አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እውነት ማወቅ ፈልጎ ነው።

ኪሩ፣ በጻፍክልኝ መሠረት ጠርሙሱን ከፍራሹ ሥር አውጥቼ፣ መስኮቱን ከፍቼ ስጎነበስ፣ ሽታው እንግዳ አልሆነብኝም። አውቀው ነበር። ፌስታሎቹን ስጥል አውቀው ነበር። አንድን ወንድ ልጅ፣ ያውም ሐዲስን፣ «ትሸታለህ» እንዴት ይባላል? አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። እማማ ሰሊማም ያወቁ ይመስለኛል። ለእሳቸውም ከበድ ያላቸው ነገር አንድ ነው፤ ጽጌረዳውን መውቀስ ቀለላቸው። ጽጌረዳው አይሰማም፤ አይከፋውም።

ሜቲን አስመጥቻታለሁ። አጠገቡ ናት። ቁስሉ አመረቀዘ ብያታለሁ። ሌላ አላልኩም።

ለትንሣኤው ያድርሰን።

ጥሩነሽ


አዳማ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017

ለወንድሜ ለኪሩ፣

እንደምን ሰነበትክ? አምላክ ያጽናህ። እኔን ሰው ሁሉ «ያጽናሽ» እያለ ሲገባ ሲወጣ፣ አንተን ማን እንዳለህ አስባለሁ። እዚያ ብቻህን ነህ።

መቃብር ላይ አፈሩ ሳይጫነው ለምን ከኋላ እንደቆምክ አላጣሁትም። ድንኳኑ ውስጥም ያሉትን ሰምቻለሁ። «ሽታ መትቶት ነው፤ የገዛ ወንድሙ ሽቶ ተቀብቶ ገብቶበት» ሲሉ ሰማሁ። አንተ ስትገባ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ሲያደርጉ አየሁ። ሳሙና እንኳ አልሸተትክም። ሁሉንም አይቼ ዝም አልኩ።

የጻፍክልኝ ደርሶኛል። «አንቺ እውነቱን እያወቅሽ» ብለህ ጀምረህ ሰርዘኸዋል፤ ከሥሩ ይነበባል። ልክ ነህ። ስለዚህ ለምን ዝም እንዳልኩ ልጽፍልህ ነው፤ ከዚያ የምለምንህ ነገር አለኝ።

ሜቲ አትበላም። ቀን ሙሉ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እትዬ፣ ለምንድነው ሞጆ የላከኝ?» እንድታርፊ ብሎ ነው እላታለሁ። «እኔ አጠገቡ ብሆን ኖሮ አየው አልነበር?» ትለኛለች። እውነቱን ብነግራት የላካት ሽታው እንዳይደርሳት መሆኑን ታውቃለች። ያን ካወቀች ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችበትን ሌሊት ታስታውሳለች። እንቅልፏ ውስጥ ይሁን፣ ሙቀት ይሁን፣ ምን እንደነበረ አናውቅም፤ እሷ ግን ታውቃለች፣ ባታውቅም እንዳወቀች አድርጋ ትይዘዋለች። ልጅ ናት ኪሩ። ለአንድ መገላበጥ ዕድሜዋን ሙሉ ትቀጣበታለች።

ሽቶው ነው የገደለው ያሏትን ሰምታ ግን ትላንት ተነሥታ ተቀመጠች። አንተን ረገመችህ። ከዚያ ውሃ ጠጣች። እውነቱን ነው የምልህ፣ ከረገመችህ በኋላ ውሃ ጠጣች።

የምለምንህ ይኸው ነው። ይበሉህ። አታስተባብል። ሐዲስ ሽታዬ አይነገርብኝ ብሎ ነው ከአንተ ተጣልቶ የሞተው፤ እንዳልተነገረበት ይቅር። እኔ ሰው መሐል ቆሜ ያንን አፍርሼ «ወንድሜ ይሸት ነበር» ልል አልችልም። አንተን ብትጠላ ትኖራለች። ራሷን ከጠላች አላውቅም።

እኔንም ይሸፍነኛል። ይህን ሳልጽፍ ብልክልህ ለሜቲ ብቻ ብዬ የለመንኩህ ይመስልህ ነበር። እኔንም ይሸፍነኛል፤ እማማ ሰሊማንም፣ ቤቱን በሙሉ።

እሺ ካላልክ አልቀየምህም። ለአርባው ግን እሺ ብትልም ባትልም ና። የእኔ በር ነው፤ አሁን እኔ «ና» ብያለሁ።

እህትህ ጥሩነሽ


ባቱ፣ ግንቦት 28 ቀን 2017

ለእትዬ ጥሩነሽ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ድካሙ ለቀቀሽ? ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ግቢው እንዴት እንደሚሰፋ አውቃለሁ፤ እማዬ የሞተች ጊዜ አይተነዋል።

ግንቦት መጀመሪያ የለመንሽኝን በቃል አልመለስኩልሽም ነበር። አርባው ላይ መጥቼ ዝም ብዬ መቀመጤን እንደ መልስ ትወስጂዋለሽ ብዬ ነው። ግን «እሺ ብሏል ወይስ ፈርቶ ነው?» ብለሽ ብታስቢስ? ስለዚህ ልጻፈው። እሺ።

የእውነት ከሆነ ብዙም አልዋሸሽም። ሽቶ ቁስለኛን ይገድላል ይላሉ፤ ልክ ናቸው። እንዴት እንደሚገድል ብቻ ነው የተሳሳቱት። ቁስሉን አልመታውም፤ ሽታው ወጥቶ እንዳይጮህ አፉን ያዘው። ይህን ለአንድ ሰው ላስረዳ ብዬ በልቤ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ሰውየውን አጣሁት። አብደላ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሲጠራኝ መንገድ ቀይሬ እሄዳለሁ። ምን አጠፋ? ወራቱን ለእኔ ተወው አለኝ እንጂ።

አሁን ያላየሽውን ልንገርሽ። አርባው ላይ ቄሶቹ ጸሎት አድርሰው ሰው መመገብ ሲጀምር እኔ አጥሩ ጥግ ነበርኩ። አንቺ ውስጥ እንግዳ ታስተናግጂ ነበር። ሜቲ ሳህን ይዛ መጣች። ለእኔ መሆኑን አላመንኩም፤ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ማንም አልነበረም።

«ብላ» አለችኝ።

ተቀበልኳት። ሰርጋቸው ላይ «ጋሼ» ብላኝ ነበር፤ ሐዲስ «ጋሼ የሚባለው ሲከፍል ነው፤ አሁን ኪሩ በይው» ብሎ ቀልዶባት። አርባው ላይ በምንም አልጠራችኝም። ቆማ ቀረች። እጄ ሳህኑ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች።

«ጠይቂኝ።»

«ለምንድነው የተቀባኸው?»

አልጮኸችም እትዬ። ቢጮሁብኝ የምላቸውን ተዘጋጅቼ ነበር። ሙቀት ስለነበረ፣ አላሰብኩም፣ ወጣትነት ነው፤ እነዚህን ሁሉ መንገድ ላይ ሰንበታ አጠገብ ተቀምጬ አጥንቻቸው መጥቼ ነበር። እንደዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ስትጠይቀኝ አንዱም አልመጣልኝም። የመጣልኝ ሌላ ነው።

«እንዳልሸት ፈርቼ ነው» አልኳት።

«ማን ፊት?»

«የምወደው ሰው ፊት።»

ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። ነገሩን ያወቀችብኝ መሰለኝ። አላወቀችም። አውቃ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ባልመለሰችልኝ። ራሷን እየነቀነቀች፣ አንድ ትልቅ ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ያስባል በሚል፣ እንደ መቆጣት፣ እንደ ማዘንም ብላ፦

«የሚወድ ሰው ይሄን ያሸታል?» አለችኝ። «ቢሸትስ? ሰው ነህ።»

ከዚያ የማስቀምጥበት እንዳጣሁ አይታ ሳህኑን ከእጄ ወሰደችና አጥሩ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ወደ ቤት ገባች።

ምንም አልበላሁም። ይቅር በዪኝ፤ የሐዘን ምግብ ጥሎ መሄድ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ስወጣ በር ላይ የቆሙት ሰዎች ራቅ ብለው አሳለፉኝ። ቃሏን ይዤ ስለነበር ማንንም ሳልነካ ማለፌ ጥሩ ሆነልኝ። የተናገረችው ለእኔ አልነበረም። ለሐዲስ የምወስድበት መንገድ ግን የለኝም፤ እስካሁን ይዤው ነው ያለሁት።

ወንድምሽ ኪሩ